ሦስት ቫይረሶች፣ ሦስት ገልባጮች፦ የፋጅ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ አጭር ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው፤ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች በራሳቸው ጂን ውስጥ ስለሚይዟቸው፣ ዲኤንኤን ስለሚገለብጡ ኢንዛይሞች። ርእሱ ጠባብ ቢሆንም የሚነካው ጥያቄ ሰፊ ነው። በየዓመቱ የምርምር ዕቅድ ስናቀርብ የሚቀርብልንን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ጥናቱ ችግር ፈቺ ነው ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና መጠየቅ አለበት። ነገር ግን አንድ ጥናት ችግር ፈቺ መሆኑ የሚታወቀው መቼ ነው? ሲጀመር ነው ወይስ ከሃያ ዓመት በኋላ? በዛሬው ንግግሬ የማወሳቸውን ሦስት ኢንዛይሞች ለዚህ ጥያቄ ምስክር አድርጌ አቀርባቸዋለሁ።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ቁም ጸሐፊውና አብነቱ

ከባዮሎጂ ውጭ ላላችሁ አድማጮች ጥቂት መንደርደሪያ ያስፈልጋል። የሕያዋን ፍጡራን የውርስ መልእክት የተጻፈው ዲኤንኤ በሚባል ረጅም ሞለኪውል ላይ ነው። ፊደላቱ አራት ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ብለን እንጠራቸዋለን። ሞለኪውሉን የሚሠሩት እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ገመዶች ናቸው። በአንዱ ገመድ ላይ ኤ ካለ በሌላው ትይዩ ቲ ይቆማል፤ ጂ ካለ ደግሞ ሲ። ስለዚህ አንዱን ገመድ ያነበበ ሌላውን መጻፍ ይችላል። ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት መልእክቱ በሙሉ መገልበጥ አለበት፤ ይህን የሚያከናውነው ኢንዛይም ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ይባላል።

ብራና ዘርግቶ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊን ያየ ሰው የፖሊመሬዝን ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። ቁም ጸሐፊው ሲገለብጥ ከፊቱ አብነት የሚሆነውን መጽሐፍ ያስቀምጣል፤ ፖሊመሬዝም ያለ አብነት አይሠራም። ቁም ጸሐፊው ሲሳሳት ቀለሙን በስለት ፍቆ ያርማል፤ ፖሊመሬዝም፣ ኋላ እንደምናየው፣ ይፍቃል። ይሁን እንጂ ፖሊመሬዝ ቁም ጸሐፊው የሌለበት አንድ ገደብ አለበት፦ ከባዶ መጀመር አይችልም። ቀድሞ በተቀመጠ አጭር ጅምር ጫፍ ላይ ፊደል ይቀጥላል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ግን ብቻውን አያኖርም። ይህችን ጅምር ፕራይመር እንላታለን። ገደቡን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ሦስተኛው ቫይረስ ላይ ስንደርስ ዋናው ጉዳይ እርሱ ይሆናል።

ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ባክቴሪዮፋጅ፣ በአጭሩ ፋጅ ይባላሉ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 ለየብቻቸው ደረሱባቸው። ስሙን ያወጡት ዴሬል ናቸው፤ ትርጉሙም «ባክቴሪያ በላ» እንደማለት ነው። ዴሬል ፋጅን ለሕክምና ለማዋል ብዙ ደክመዋል። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ማክስ ዴልብሩክ፣ ሳልቫዶር ሉሪያና አልፍሬድ ኸርሺ ፋጅን ለሌላ ጉዳይ ፈለጉት፤ ውርስ ምን እንደሆነ ለማወቅ። ፋጅ ትንሽ ነው፤ በአጭር ጊዜ ይራባል፤ በሳህን ላይ የሚተወው ቀዳዳ በዓይን ይቆጠራል።

በ1944 ዴልብሩክ ባልደረቦቻቸው እያንዳንዳቸው በእጃቸው የገባውን ፋጅ ከማጥናት ይልቅ ከቲ1 እስከ ቲ7 በተሰየሙ ሰባት ፋጆች ላይ እንዲወሰኑ፣ አስተናጋጁም አንድ ዓይነት የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ እንዲሆን አግባቧቸው። ውሳኔው ቀላል ይመስላል። ይሁንና የአንዱ ቤተ ሙከራ ውጤት ከሌላው ጋር መነጻጸር የቻለው በእርሱ ነው። ከምናወሳቸው ሦስት ገልባጮች ሁለቱ የተገኙት ከእነዚሁ ሰባት ፋጆች ነው።

አንደኛው ጥያቄ፦ ገልባጩ የማን ነው?

በ1950ዎቹ አጋማሽ አርተር ኮርንበርግ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከኢ. ኮላይ ዲኤንኤን የሚገለብጥ ኢንዛይም ለይተው አወጡ። በ1959 የኖቤል ሽልማትን ከስፔን ተወላጁ ሳይንቲስት ከሴቬሮ ኦቾዋ ጋር ተካፈሉ። ታዲያ ቫይረስ በባክቴሪያ ውስጥ ሲራባ የሚገለብጥለት ማን ነው? ቀላሉ ግምት የአስተናጋጁ ኢንዛይም ነው የሚል ይሆናል። እንግዳ የባለቤቱን ድስት ተውሶ ይሠራል እንደማለት ነው።

ግምቱን የሚያናጋ ፍንጭ የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጄራርድ ዋያትና ሲይሞር ኮኸን፣ ቲ2፣ ቲ4 እና ቲ6 የተባሉት ፋጆች በሲ ፊደል ምትክ ሃይድሮክሲሜቲል ሳይቶሲን የተባለ የተለየ ፊደል እንደሚጠቀሙ አሳዩ። ይህ ፊደል በባክቴሪያው ዲኤንኤ ውስጥ የለም። በአስተናጋጁ ቤት የሌለ ነገር ከተሠራ የሠራው መሣሪያ ከየት መጣ? በ1957 ጆኤል ፍላክስና ኮኸን ፊደሉን የሚሠራው ኢንዛይም ፋጁ ካጠቃው በኋላ በባክቴሪያው ውስጥ ብቅ እንደሚል አረጋገጡ። በ1962 ደግሞ ቫስከን አፖሺያንና ኮርንበርግ በቲ2 ከተጠቃ ባክቴሪያ ከአስተናጋጁ የተለየ አዲስ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ለይተው አወጡ።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። አዲስ ኢንዛይም መታየቱ ጂኑ የቫይረሱ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው? አይደለም። ተኝቶ የነበረ የባክቴሪያው ጂን በቫይረሱ መግባት ተቀስቅሶ ሊሆን ይችላልና። ማስረጃውን የሰጠው የዘር ጥናት ነው። ሪቻርድ ኤፕስታይን፣ ሮበርት ኤድጋርና ባልደረቦቻቸው በ1963 ባሳተሙት ሥራ በአንድ ሁኔታ የሚራቡ፣ በሌላ ሁኔታ ግን የሚሞቱ የቲ4 ዝርያዎችን ሰብስበው ጂኖቹን በቁጥር ሰየሙ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በዝቅተኛ ሙቀት ይራባሉ፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ይሞታሉ። ጂን 43 የተበላሸባቸው ፋጆች ባክቴሪያው ውስጥ ገብተው ዲኤንኤ መሥራት ይሳናቸዋል። በ1965 ደ ዋርድ፣ ፖልና ሌማን ሙቀት ከማይችሉት የጂን 43 ፋጆች ኢንዛይሙን አውጥተው ሲመረምሩ፣ ኢንዛይሙ ራሱ በብልቃጥ ውስጥ ሙቀት የማይችል ሆኖ ተገኘ። ጂኑ ሲበላሽ የኢንዛይሙ ጠባይ ከተለወጠ ኢንዛይሙን የጻፈው ያ ጂን ነው። ገልባጩ የቫይረሱ ነበር።

የዚህን ግኝት ክብደት ለመመዘን በባክቴሪያው በኩል የሆነውን እናስተያይ። በ1969 ጆን ኬርንስና ፖላ ደ ሉቺያ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢ. ኮላይ መንጋዎችን አንድ በአንድ ፈትሸው የኮርንበርግ ኢንዛይም እጅግ የጎደለው ዝርያ አገኙ። ባክቴሪያው ግን በሕይወት ነበር፤ ዲኤንኤውንም ይገለብጥ ነበር። ስለዚህ በኖቤል የተከበረው ኢንዛይም የባክቴሪያው ዋና ገልባጭ አልነበረም፤ ትልቁ ሥራው ጥገናና ማጠናቀቅ ነው። ዋናው ገልባጭ የታወቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ካገኙት አንዱ የኮርንበርግ ልጅ ቶማስ ኮርንበርግ ናቸው። እንግዲህ የባክቴሪያው ገልባጭ ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ከመታወቁ በፊት የትንሹ ቫይረስ ገልባጭ ከነጂኑ ታውቆ ነበር። በነገራችን ላይ የጎደለው ጂን «ፖል ኤ» ተብሎ የተሰየመው በፖላ ደ ሉቺያ ስም ነው። መንጋዎቹን በትዕግሥት የፈተሹት እሳቸው ነበሩና ስማቸው በጂኑ ላይ ጸንቶ መቅረቱ ተገቢ ነው።

የቲ4 ገልባጭ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። በ1965 ጆሴፍ ስፓየር አንዳንድ የጂን 43 ለውጦች ያሉባቸው ፋጆች በመላው ጂኖማቸው ላይ ስሕተት እንደሚያበዙ አስተዋሉ። ጥቂት ቆይቶ ጆን ድሬክና ባልደረቦቻቸው በተቃራኒው ስሕተትን የሚቀንሱ የጂን 43 ለውጦችን አገኙ። አንድ ኢንዛይም ሲለወጥ ስሕተት የሚበዛውም የሚያንሰውም ለምንድን ነው? በ1972 ሙዚችካ፣ ፖላንድና ቤስማን መልሱን አቀረቡ። ኢንዛይሙ ሁለት ሥራ አለው፤ ፊደል ይጽፋል፣ የጻፈውንም ከጫፉ ይፍቃል። ስሕተት የሚያበዙት ፋጆች ኢንዛይም ከመጻፉ አንጻር የመፋቅ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ስሕተት የሚቀንሱት ደግሞ ብርቱ ፋቂዎች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ብርቱ ፋቂው ትክክለኛውንም ፊደል ደጋግሞ ይፍቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጸንቶ ለሚቀር ፊደል ብዙ ፊደል ያባክናል። ጥራት ዋጋ አለው፤ ተፈጥሮም ዋጋውን የምትከፍለው እስከምትችለው ድረስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሳይለቅ የሚገለብጠው እንዴት ነው?

ሁለተኛው ፋጅ ቲ7 ነው። ጂኖሙ 39,937 ጥንድ ፊደላት አሉት፤ ገልባጩን የሚጽፈው ጂን 5 ነው። የዚህ ጂን ፕሮቲን ለብቻው ሲሆን ያስቸግራል። ጥቂት ፊደላት ይጽፍና አብነቱን ይለቃል፤ እንደገና ይይዛል፤ እንደገና ይለቃል። በዚህ አኳኋን አርባ ሺህ ፊደል መገልበጥ አይቻልም።

በ1974 ማይክል ቻምበርሊን ቲ7 ሊራባባቸው የማይችል የኢ. ኮላይ ዝርያዎችን ገለጹ። ባክቴሪያዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ፋጁ ግን በውስጣቸው አይራባም። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በቻርልስ ሪቻርድሰን ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ፖል ሞድሪች በ1975 የቲ7 ፖሊመሬዝ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት፣ አንዱ ከቫይረሱ ሌላው ከባክቴሪያው እንደሚመጣ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ዴቪድ ማርክና ሪቻርድሰን ከባክቴሪያው የሚመጣው ክፍል ታዮሬዶክሲን መሆኑን ለዩ።

ይህ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ታዮሬዶክሲን በሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮን በማቀበል የሚታወቅ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ከመገልበጥ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ቲ7 የሚፈልገው ኤሌክትሮን የማቀበል ችሎታውን እንዳልሆነ ታወቀ፤ ያ ችሎታው የጠፋበት ታዮሬዶክሲንም ፋጁን ያገለግላልና። ታዮሬዶክሲን ከጂን 5 ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ገልባጩ ከአብነቱ እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚጽፈውም ከጥቂት ፊደላት ወደ መቶዎች ያድጋል። ቫይረሱ የባለቤቱን የበር መቀርቀሪያ ነቅሎ መጽሐፉን ማጥበቂያ አደረገው ብንል ነገሩን ይገልጸዋል። ቲ4 ግን ገልባጩን በገመዱ ላይ የሚያጸናውን ቀለበት ከራሱ ጂኖች ይሠራል። ሁለቱ ፋጆች አንድን ችግር በሁለት መንገድ ፈትተውታል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ሥራ ላይ ወጣ። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1977 የዲኤንኤን ፊደላት ቅደም ተከተል ለማንበብ የሚያስችል ዘዴ አቅርበው ነበር። ዘዴው ለገልባጩ ከተለመዱት ፊደላት ጋር «ማቆሚያ» ፊደላትን ቀላቅሎ ይሰጠዋል፤ ማቆሚያው በገባበት ቦታ ሁሉ ቅጂው ይቋረጣል። የተቋረጡት ቅጂዎች በርዝመታቸው ሲደረደሩ ጽሑፉ ይነበባል። ችግሩ በጊዜው የነበሩት ገልባጮች ማቆሚያ ፊደላትን መጠየፋቸው ነበር። የቲ7 ገልባጭ ግን ብዙም አይጠየፍም። በ1987 ስታንሊ ቴቦርና ሪቻርድሰን የመፋቅ ኃይሉን በማጥፋት ለንባብ የሚመች ኢንዛይም አደረጉት፤ «ሲክዌኔዝ» በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ።

በ1995 ሁለቱ ሳይንቲስቶች የቲ7ን ያለመጠየፍ ምስጢር ገለጡ። ልዩነቱ ያለው በአንዲት አሚኖ አሲድ ላይ ነው። የኢ. ኮላዩ የኮርንበርግ ኢንዛይምም ሆነ በፒሲአር የምናውቀው ታክ የተባለው ሙቀት ቻይ ፖሊመሬዝ በዚያ ቦታ ፌኒልአላኒን አላቸው፤ ቲ7 ታይሮሲን አለው። የሁለቱ አሚኖ አሲዶች ልዩነት አንዲት የኦክስጅን አቶም ናት። ታክ በዚያ ቦታ ታይሮሲን እንዲኖረው ሲደረግ እርሱም ማቆሚያ ፊደላትን መጠየፍ ተወ። የሰውን ጂኖም ለማንበብ በተደረገው ዓለም አቀፍ ሥራ ላይ እንዲህ የተስተካከሉ ኢንዛይሞች ታላቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ባክቴሪያ በላ ቫይረስ ለምን በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ እንደማይራባ የጠየቀው ሰው በ1974 ይህን ያስብ ነበር ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ከየት ይጀምራል?

ሦስተኛው ፋጅ ከሰባቱ ውጭ ነው። ፋይ 29 ይባላል፤ የሚያጠቃው በአፈር ውስጥ የሚኖረውን ባሲለስ ሰብቲሊስን ነው። ታሪኩም ከማርጋሪታ ሳላስ ታሪክ አይነጠልም።

ሳላስ በ1938 በሰሜን ስፔን በአስቱሪያስ ተወለዱ። በማድሪድ ኬሚስትሪ ተምረው የዶክትሬት ሥራቸውን በአልቤርቶ ሶልስ ቤተ ሙከራ አከናወኑ። በ1964 ከባለቤታቸው ከኤላዲዮ ቪኙዌላ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ከሴቬሮ ኦቾዋ ጋር ሠሩ። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ኦቾዋ በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር አገራቸውን ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። ሳላስና ቪኙዌላ ግን በ1967 ወደ ማድሪድ ተመለሱ። ስፔን በዚያን ጊዜ በፍራንኮ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ለምርምር የሚመደበው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሞለኪውላዊ ባዮሎጂ ገና አልተተከለም። የመጀመሪያውን የሥራ ገንዘብ ያገኙት በኦቾዋ ድጋፍ ከአንድ የአሜሪካ የምርምር በጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

ምን ያጥኑ? በኒው ዮርክ የጀመሩትን ይዘው ቢቀጥሉ ከአስተማሪያቸው ትልቅ ቤተ ሙከራ ጋር መሽቀዳደም ይሆንባቸዋል። በቲ4 ወይም በቲ7 ላይ ቢሰማሩ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ቡድኖች ጋር መጋፋት ነው። የመረጡት ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁትን፣ ጂኖሙ ትንሽ ሆኖ አካሉ ግን ውስብስብ የሆነውን ፋይ 29ን ነው። ጂኖሙ 19,285 ጥንድ ፊደላት፣ ማለትም የቲ7 ግማሽ ያህል ብቻ አለው። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ቪኙዌላ ፋይ 29ን ለሳላስ ትተው የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስን ማጥናት ጀመሩ። ምክንያቱ በግልጽ ይታወቃል፤ በዚያ ዘመን ስፔን አብረው ሲሠሩ የሳላስ ድርሻ በባላቸው ስም ይቆጠር ነበር።

አሁን በአእምሯችሁ ያዙልኝ ወዳልኩት ገደብ እንመለስ። ፖሊመሬዝ ያለ ጅምር አይጽፍም። በብዙ ፍጡራን ጅምሩ አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይወገዳል፣ ቦታውም በዲኤንኤ ይሞላል። ቀጥ ያለ ዲኤንኤ ጫፍ ላይ ግን ጅምሩ ከተወገደ በኋላ ቦታውን የሚሞላ የለም። በየቅጂው ጫፉ እያጠረ መሄድ ነበረበት። ጄምስ ዋትሰን በ1972 ይህን ችግር ከቲ7 ጋር አያይዘው አንሥተውታል፤ ቲ7 በሁለቱም ጫፎቹ ተመሳሳይ ጽሑፍ ስላለው ቅጂዎቹን ጫፍ ለጫፍ በማገናኘት ያመልጠዋል። የፋይ 29 ዲኤንኤም ቀጥ ያለ ነው። እርሱስ በምን ያመልጣል?

የሳላስ ቡድን በ1971 አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። የፋይ 29 ዲኤንኤ ክብ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲጨመርበት ግን ቀጥ ያለ ገመድ ይሆናል። ጫፎቹን ያያዘው ፕሮቲን ነበር ማለት ነው። በሁለቱም ጫፎች፣ በገመዱ መነሻ ላይ፣ አንዳንድ ፕሮቲን በጽኑ ኬሚካዊ ትስስር ተተክሏል። ለምን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በ1982 ሚጌል ፔኛልቫና ሳላስ በብልቃጥ ውስጥ የመጀመሪያዋ ፊደል፣ ኤ፣ በቀጥታ በዚያ ፕሮቲን ላይ እንደምትተከል አሳዩ። በ1984 ሉዊስ ብላንኮና ሳላስ ፊደሏን የሚተክለው የፋጁ የራሱ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ መሆኑን ኢንዛይሙን አጥርተው አረጋገጡ። ጅምሩ ፕሮቲን ነው፤ ስለማይወገድም ጫፉ አያጥርም። ሕይወት ጅምርን ከአርኤንኤ ብቻ እንደማትሠራ በዚህ ተረጋገጠ፤ በሰው ላይ ጉንፋን የሚያመጣው አዴኖቫይረስም ጅምሩ ፕሮቲን ነው።

ኢንዛይሙን በእጃቸው ካስገቡ በኋላ ሌላ ጠባይ ታያቸው። በ1989 ብላንኮ፣ ሳላስና ባልደረቦቻቸው ፋይ 29 ፖሊመሬዝ በክብ አብነት ላይ ሲቀመጥ ደጋግሞ እየዞረ ከ70,000 በላይ ፊደላት ሳይለቅ እንደሚገለብጥ ዘገቡ። ይህ ከራሱ ጂኖም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቀለበት አይፈልግም፤ ታዮሬዶክሲን አይበደርም፤ ከፊቱ የሚያገኘውን ሌላውን ገመድ ራሱ እየገፋ ይለያል። ስሕተቱንም ይፍቃል። ቲ4 በብዙ ፕሮቲኖች፣ ቲ7 በብድር የሚሠሩትን ፋይ 29 በአንድ ፕሮቲን ይሠራዋል። ይህ እንዴት እንደሚቻል በ2004 የኢንዛይሙ ቅርጽ ሲታወቅ ተገለጠ፤ አብነቱንና ቅጂውን ዙሪያውን የሚያቅፍ ተጨማሪ ክፍል አለው።

በዚያው በ1989 የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ቀረበ። በ2001 እና በ2002 የወጡ ሥራዎች ከጥቂት ሕዋሳት የተገኘ ኢምንት ዲኤንኤ በዚህ ኢንዛይም እስኪበቃ ድረስ ሊባዛ እንደሚችል አሳዩ። ሥራው የሚከናወነው በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እንደ ፒሲአር የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አያስፈልገውም። በቤተ ሙከራ ሊረቡ የማይችሉ ባክቴሪያዎችን ጂኖም ከአንዲት ሕዋስ ማንበብ የተቻለው በዚህ መንገድ ነው። ረጃጅም ቅደም ተከተሎችን ከሚያነቡት ዘመናዊ መሣሪያዎች አንዱም የተመሠረተው ከፋይ 29 በተወሰደ ፖሊመሬዝ ላይ ነው። የባለቤትነት መብቱ በ2009 እስኪያበቃ ድረስ ለስፔን የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት ሥራዎች መካከል ነበር። ሳላስ በ2019 በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ ምን እንወስዳለን?

ከ1967 እስከ 1989 ያለው ሃያ ሁለት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በማናቸውም ጊዜ አንድ ገምጋሚ ኮሚቴ «ይህ ፋጅ ለስፔን ገበሬ ወይም በሽተኛ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሐቀኛው መልስ «አናውቅም» የሚል ይሆን ነበር። የታሪኩ ምስክርነት ይህ ነው።

ነገር ግን ታሪክን ለራሳችን እንዲመች አድርገን መናገር አይገባንም። የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንደኛ፣ እኔ የተረኩት የተሳካላቸውን ነው፤ በዚያው ዘመን የተጠኑና ለገበያ ምንም ያላበረከቱ ፋጆች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሳላስ የመጀመሪያ ገንዘብ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ የኖቤል ተሸላሚ መምህርም ከጀርባቸው ነበሩ። ሦስተኛ፣ ስንዴው በዋግ እየተመታ ስለ ባክቴሪያ ቫይረስ ጫፍ ማሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሦስቱም ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። ገንዘባችን ሁሉ እንዲህ ላለ ምርምር ይዋል የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም።

የምለው ይህን ነው። ከዚህ ታሪክ የተገኘው ጥቅም ከዘፈቀደ ጉጉት የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ ስለት ያለው ጥያቄ ነበረው፦ ገልባጩ የማን ነው? ሳይለቅ የሚገለብጠው እንዴት ነው? ከየት ይጀምራል? ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገሩ፣ በሙከራ የሚመለሱ፣ መልሳቸው «አዎ» ቢሆንም «አይደለም» ቢሆንም እውቀት የሚጨምሩ ጥያቄዎች ናቸው። እንግዲህ የምርምር ዕቅድ ስንገመግም «ችግር ፈቺ ነው ወይ?» ከሚለው ጎን «ጥያቄው ስለት አለው ወይ?» የሚለውንም እንጨምር። ስለት ላለው ጥያቄም ከበጀታችን ጥቂት ክፍል፣ ነገር ግን በየዓመቱ የማይቋረጥ ጥቂት ክፍል እንስጠው። ሳላስን ያሳካቸው የገንዘቡ ብዛት አልነበረም፤ በአንድ ቫይረስ ላይ ዕድሜ ልክ እንዲጸኑ መቻላቸው ነው።

ከውጭ አገር ተምራችሁ ለምትመለሱ፣ ወይም ለመመለስ ለምታመነቱ ወጣቶችም አንድ ነገር ልበል። ሳላስና ቪኙዌላ ኒው ዮርክ ትተውት የመጡትን መሣሪያ በማድሪድ አላገኙትም፤ ስለዚህ በነበራቸው መሣሪያ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ መረጡ። የፋጅ ጥናት ዛሬም ከብዙ ዘርፎች ይልቅ በጥቂት ወጪ ይጀመራል። አጋር ያለበት ሳህን፣ ማሞቂያ ሣጥን፣ ባክቴሪያን የሚያስቀር ማጣሪያና አንድ እፍኝ አፈር ወይም አንድ ብልቃጥ የወንዝ ውኃ በቂ መነሻ ናቸው። የቲ4 ፖሊመሬዝም ሆነ የፋይ 29 ፖሊመሬዝ ወደ ቤተ ሙከራዎቻችን የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በበረዶ ታሽጎ ነው። ፋጆቹ ግን በአፈራችንም በወንዞቻችንም ውስጥ አሉ። ከእነርሱ መካከል የመገልበጥን ሥራ በአራተኛ መንገድ የሚሠራ ይኖር ይሆን? ይህ በሙከራ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ወይም አንዷ እንድትይዘው እመኛለሁ።

አሁን ጊዜው የእናንተ የጥያቄ ጊዜ ነው።